የንግሥታት መስተፋቅር

አንባቢ ሆይ፤ ሚዛን ተፈሪን የምታውቃት ከሆነ ስለ ዝናቧ ልነግርህ አያስፈልግም። ከጥቂት ሳምንታት በፊት፥ ከጧት ጀምሮ ሲዘንብ በዋለ አንድ ቅዳሜ፥ አንድ የማውቀው ወጣት ጸሐፊ ማምሻውን ወደ ቤቴ መጣ። ጃንጥላውን በረንዳ ላይ አራግፎ ገባ፤ ከኮቱ የውስጥ ኪስ አራት ጊዜ የታጠፈች ወረቀት በጥንቃቄ አወጣና ከተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት ክምር አጠገብ አስቀመጣት።

«ምንድን ነው?» አልሁት።

«መድኃኒት ነው።»

«አመመህ እንዴ?»

«የምወስደው እኔ አይደለሁም» አለና ፊቱ እንደ በሰለ ቡና ቀላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ ከጎጃም ተመድቦ ወደዚህ ከመጣ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የእሸት ቡና ማጠቢያ ውስጥ ሒሳብ የምትይዝ አንዲት የቤንች ልጅ ወዷል። ልጅቱ ግን ከእግዜር ሰላምታ አልፋ አታውቅም። ሲደውልላት ስልኳን አታነሣም፤ ሲጋብዛት «ሌላ ጊዜ» ትለዋለች። በመጨረሻ ትዕግሥቱ አለቀና «አዋቂ ነኝ» ከሚል ሰው ዘንድ ሄዶ፥ የወር ደመወዙን ሲሶ ከፍሎ ይህችን ዱቄት ገዛ። ትእዛዙ ቀላል ነው፤ ልጅቱ ቡና በምትጠጣበት ቦታ አቦሉና ቶናው ካለፈ በኋላ በረካው ላይ ነስነስ ማድረግ ብቻ። መስተፋቅር መሆኑ ነው።

«ታዲያ ወደ እኔ ለምን አመጣኸው?»

«የታሪክ መምህር ስለሆንህ። ክሊዮፓትራ ቄሣርን በምን ያዘችው? እነ ምንትዋብ፥ እነ ጣይቱ ነገሥታቱን በምን ረቷቸው? ሁሉም መድኃኒት ነበራቸው ይባላል። ሴቶቹ ካደረጉት እኔ ባደርገው ምን ነውር አለው?»

እውነቱን ለመናገር፥ በዚያ ሰዓት ብቆጣው ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን የተቆጡት ሰው ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል እንጂ ትቶት አይሄድም። ደግሞም ጥያቄው ጥያቄ ነው። ተማሪዎቼም ይጠይቁኛል፤ በየመሥሪያ ቤቱ ያሉ ጓደኞቼም በምሳ ሰዓት ይከራከሩበታል። ስለዚህ አከራዬ እማማ ጥግ ላይ ረከቦታቸውን ዘርግተው ቡና ሲቆሉ፥ እኔ ያን ማታ ለልጁ የነገርሁትን ዛሬ ላንተም ላጫውትህ።

ከክሊዮፓትራ ልጀምር። ስሟ ሲነሣ በአብዛኞቻችን አእምሮ የሚመጣው በ1963 እ.ኤ.አ. ኤልሳቤጥ ቴይለር የሠራችው ሲኒማ ነው። ይሁንና በዘመኗ በተመቱት ገንዘቦች ላይ ያለው ፊት የሲኒማ ፊት አይደለም፤ አፍንጫዋ ረዘም ብሎ ጐበጥ ያለ፥ አገጯም ሾጠጥ ያለ ነው። እሷ ከሞተች ከመቶ ዓመት በኋላ ታሪኳን የጻፈው ግሪካዊው ፕሉታርክም፥ ቁንጅናዋ ብቻውን ተመልካችን የሚያስደነግጥ እንዳልነበረ ይመሰክራል። ሰው የሚሸነፈው አብሯት ሲቀመጥና ስታነጋግረው ነበር። ድምፅዋን ብዙ አውታር ካለው የሙዚቃ መሣሪያ ጋር ያመሳስለዋል፤ ወደ ፈለገችው ቋንቋ እንደ ልቧ ታዞረው ነበርና።

ከቋንቋዎቿ መካከል ፕሉታርክ የኢትዮጵያውያንን ቋንቋ አንሥቷል። የአይሁድን፥ የዐረቦችን፥ የሶርያንና የሜዶንንም ይጨምራል። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። የክሊዮፓትራ ዘሮች ከመቄዶንያ መጥተው ግብፅን ሦስት መቶ ዓመት ያህል ሲገዙ፥ የአገሬውን የግብፅ ቋንቋ ለመማር የተጨነቀ ንጉሥ ከመካከላቸው አልነበረም። የመጀመሪያዋ እሷ ናት። አስበው፤ ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ሰው በአስተርጓሚ ሲገዛ የኖረ ቤት!

ከቄሣር ጋር የተገናኘችበትንም ታሪክ በምንጣፍ ተጠቅልላ እንደ ገባች አድርገን ነው የምናወራው። ፕሉታርክ የሚለው የአልጋ ልብስ በሚያዝበት ከረጢት ነው። ዘመኑ 48 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው፤ እሷ ሃያ አንድ ዓመቷ፥ እሱ ሃምሳ ሁለት። ወንድሟ ከዙፋን አባሯት በየበሩ ጠባቂ አቁሞባት ነበር። ወደ ቄሣር የሄደችው እንግዲህ ባል ፍለጋ ሳይሆን ዙፋኗን ፍለጋ ነው፤ በከረጢት መግባቷም የማሽኮርመም ዘዴ አልነበረም፤ በሌላ መንገድ ብትመጣ ትገደል ነበር።

ከማርክ አንቶኒ ጋር የነበራት ጨዋታ ግን የምር ያስቃል። አንቶኒ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ምንም ሳይዝ ይቀርና ያፍራል። ዋናተኞች በስውር ውሃ ውስጥ ገብተው አስቀድሞ የተያዘ ዓሣ መንጠቆው ላይ እንዲሰኩለት ያደርጋል። እሷ ነገሩን ታውቅበታለች፤ አታጋልጠውም፤ እንዲያውም ታደንቀዋለች። በሚቀጥለው ቀን ብዙ ሰው ጠርታ ስታበቃ፥ የራሷን ዋናተኛ ልካ በጨው የደረቀ ዓሣ መንጠቆው ላይ ታሰካለታለች። ሰው ሁሉ በሣቅ ሲፈነዳ፥ ዓሣ ማጥመዱን ለኛ ተውልን፥ ያንተ አደን ከተማና መንግሥት ነው ብላ ክብሩን መለሰችለት። በአንድ ጊዜ አሾፈችበትም፥ አከበረችውም። ይህን ለማድረግ ምን ዓይነት ዱቄት ያስፈልጋል?

ታዲያ የመስተፋቅሩ ወሬ ከየት መጣ? ከጠላቷ። ኦክታቪያን አንቶኒን ሊወጋ በተነሣ ጊዜ ሮማውያን የእርስ በርስ ጦርነት ሰልችቷቸው ነበር። ስለዚህ ጦርነቱ በሮማዊው በአንቶኒ ላይ ሳይሆን በባዕዷ በክሊዮፓትራ ላይ ታወጀ፤ አንቶኒ በመድኃኒት ፈዝዟል፥ በራሱ አያዝም ተብሎ ተወራ። የአንዲትን ሴት ብልሃት ላለማመን ከመድኃኒት የተሻለ ምክንያት የለም። ይህን ነጥብ ያዝልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ልጁ «እሷ ፈረንጅ ናት» አለኝ። እሺ፥ ወደ አገራችን እንግባ።

የእቴጌ ምንትዋብ ስም ራሱ የመልካቸው ምስክር ነው፤ ምን ትዋብ! ውብ እንደ ነበሩ ማንም አይክድም። ዐፄ በካፋ (1713–1723 ዓ.ም.) ልብስ ለውጠው፥ ማንነታቸውን ሰውረው በአገር የመዘዋወር ልማድ እንደ ነበራቸው ይነገራል። በ1762 ዓ.ም. ጐንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እንደ ተረከው፥ ንጉሡ ቋራ ላይ በንዳድ ተይዘው ይወድቃሉ፤ አንድ ቤት አስገብተው ያስተኟቸዋል፤ የቤቱ ልጅ ታስታምማቸዋለች። በኋላ እቴጌ የሆኑት ያቺ ልጅ ናቸው።

ተረቱ ከነዝርዝሩ እውነት ይሁን አይሁን፥ አባቶቻችን ለምን እንዲህ አድርገው እንደ ተረኩት ልብ በል። ልጅቱ ንጉሥ መሆኑን አታውቅም። ከፊቷ ያለው ላብ ያጠመቀው መንገደኛ ነው። ውሃ የምታቀርብለት ዘውዱን አይታ አይደለም። ቁንጅናማ በቋራም በጐንደርም ሞልቶ ነበር፤ ንጉሡን ያሰረው በበሽታው ቀን የታየው እጅ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራቸውን በመልክ የሚያስረዳ ካለ ይሞክር። ባላቸው ሲሞቱ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ነበር። በ1723 ዓ.ም. ራሳቸው ዘውድ ጭነው ከልጃቸው ጋር ገዙ፤ ልጃቸው በ1747 ዓ.ም. ሲሞት ደግሞ ከልጅ ልጃቸው ከኢዮአስ ጋር። የቁስቋምን ደብርና ቤተ መንግሥት አሠሩ። አርባ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ በጐንደር ቤተ መንግሥት፥ ያውም በዚያ ሁሉ የመኳንንት ሽኩቻ መካከል! ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከአንድ የንጉሡ ዘመድ ጋር በመወዳጀታቸው ግን ከተማው ሰውየውን «ምልምል ኢያሱ» እያለ ስም አወጣለት፤ ስንትና ስንት ቁባት ለነበሩት ነገሥታት ግን ከተማው ስም አላወጣም። (ይህን በክፍል ውስጥ ስናገር ሴቶቹ ተማሪዎች ይሥቃሉ፤ ወንዶቹ ደብተራቸውን ያገላብጣሉ።)

እቴጌ እሌኒንም ባጭሩ ላንሣልህ፤ የደቡብ ልጅ ናቸውና ሳነሣቸው ደስ ይለኛል። የሐድያ ገዢ ልጅ ሆነው ወደ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ቤት ገቡ። ዐፄው ካለፉ በኋላ የባሎቻቸው ሞት ከቤተ መንግሥት እንደሚያስወጣቸው እንደ ሌሎቹ እመቤቶች አልወጡም፤ የሚቀጥሉት ነገሥታት እንደ እናት ይሰሟቸው ነበር። ልብነ ድንግል በልጅነቱ ሲነግሥ አገሩን በመምራት ረዱት፤ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ የላኩት እሳቸው ናቸው። በዚያን ጊዜ አሮጊት ነበሩ። አንባቢ ሆይ፤ ሽማግሌ ሆነውም የማይከስም ውበት ካለ እሱን ነው መመርመር ያለብን።

አሁን ወደ እቴጌ ጣይቱ እንምጣ። በ1875 ዓ.ም. በአንኮበር መድኃኔ ዓለም ከምኒልክ ጋር ሲቈርቡ ኮረዳ አልነበሩም፤ ዕድሜያቸው ሠላሳን አልፏል፤ ከዚያ በፊትም አግብተው ፈትተዋል። ግዕዝ ያውቃሉ፤ በገና ይደረድራሉ። ይሁን እንጂ ስለ እሳቸው ሲወራ እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ አንድ ቃል ነው፤ «እምቢ»። ምኒልክ ሰው ማስቀየም አይወዱም፤ «እሺ፥ ነገ» በማለት የታወቁ ናቸው። «እምቢ» ማለት የሚያስፈልግ ሲሆን የሚናገሩት ጣይቱ ነበሩ።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በአማርኛ አንድ፥ በጣልያንኛ ሌላ ሆኖ ተገኘ። አማርኛው ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስትነጋገር በኢጣሊያ ልትጠቀም ይቻላታል ሲል፥ ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። በ1883 ዓ.ም. ኮንት አንቶኔሊ ነገሩን ለማለሳለስ አዲስ አበባ ሲመጣ፥ ከፊቱ ያገኛት ሴት ፈገግታዋን ቆጥባ የምትቀመጥ እመቤት አልነበረችም። ጣይቱ ተከራከሩት። ውሉ ፈረሰ፤ ነገሩ በመጨረሻ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ተቋጨ። ከዚያ ከአንድ ወር በፊትም በመቀሌ ምሽግ የነበረውን ጠላት ውሃውን በመያዝ ያስጨነቀው ዘዴ ከእሳቸው የመጣ መሆኑ ይነገራል።

ምኒልክ ታዲያ ይህችን «እምቢ» ባይ ሚስት ጠሏት? አብረው ዘመቱ፤ አብረው ዘለቁ። ምኒልክ በደዌ ሲወድቁም ከአልጋቸው አጠገብ የነበሩት እሳቸው ናቸው። መኳንንቱ በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲያገልሏቸውም የወቀሷቸው ያንኑ ጠንካራነታቸውን ነው። የቀረውን ዕድሜያቸውን እንጦጦ ላይ አሳልፈው በ1910 ዓ.ም. ዐረፉ።

እዚህ ላይ ልጁ ዝም አለ። እኔም ዝም ባልሁ ነበር፤ ነገር ግን ወረቀቷ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ናት። ስለዚህ አምስተኛዋን፥ ሁላችንም በልጅነታችን በሸራ ላይ በተርታ ተሥላ ያየናትን፥ ንግሥተ ሳባን አነሣሁ።

ማክዳን ሁላችንም የፍቅር ንግሥት አድርገን እናውቃታለን። በዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በግዕዝ የተጻፈውን ክብረ ነገሥት ረጋ ብሎ ላነበበ ግን፥ በዚያ ታሪክ ውስጥ የምታሽኮረምመው ሴት የለችም። ማክዳ ኢየሩሳሌም የሄደችው ታምሪን የተባለው ነጋዴዋ የሰሎሞንን ጥበብ አውርቶ ስላስጐመጃት ነው። ስትጠይቅ፥ ስትማር ቆየች። ወደ አገሯ ልትመለስ ስትል ነው ሰሎሞን ግብር ያበላት።

ግብሩ ምን ነበር? የሚያቃጥል፥ ቅመም የበዛበት፥ የሚያስጠማ ምግብ፤ መጠጡም ሆምጣጤ የገባበት። ከዚህ እስከ ቴፒ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቁንዶ በርበሬ በዛፍ ላይ ተጠምጥሞ የሚበቅልበት አገር ነው። አንድ ቀን አንድ ደረቅ ፍሬ አኝከህ የምታውቅ ከሆነ የማክዳን ጕሮሮ ታዝንለታለህ። ከእራት በኋላ ሁለቱ መሐላ ገቡ፤ እሱ በግድ ላይነካት፥ እሷ ከቤቱ ንብረት አንዳች ላትወስድ። ከዚያም ንጉሡ ውሃ የሞላ ዕቃ ከአልጋዋ አጠገብ አስቀመጠና የተኛ መሰለ። በሌሊት ጥሙ ሲያቃጥላት እጇን ሰደደች፤ እሱም እጇን ያዘ። ውሃ ምን ዋጋ አለውና ብትል፥ ከሰማይ በታች ከውሃ የሚከብር እንደሌለ አስረዳት። መሐላዋን አፈረሰች ተባለ።

ይህን ታሪክ ስንት ጊዜ እየሣቅን አውርተነዋል! ነገር ግን እንደ ዳኛ ተመልከተው። ጥሙን የሠራው ማን ነው? ውሃውን ያስቀመጠው ማን ነው? እኔ ክብረ ነገሥትን እንደ ታላቅ የአገራችን መጽሐፍ አከብረዋለሁ፤ ስለማከብረውም የጻፈውን እንዳለ አነብበዋለሁ። መጽሐፉ ራሱ ወጥመዱን አልደበቀም። ዋጋውንም አልደበቀም፤ ሴት ንግሥት ትገዛው የነበረው አገር፥ ልጇ ቀዳማዊ ምኒልክ ሲነግሥ ከእንግዲህ ሴት እንዳትነግሥበት በመሐላ ተደነገገ። በ1909 ዓ.ም. ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ተብለው ሲነግሡም፥ ከጎናቸው እንደራሴና አልጋ ወራሽ የሆነ ወንድ አብሮ ተሾመ።

«እንግዲህ» አልሁት ልጁን፤ «ሴቶቹ በመድኃኒት ሠሩ ብለህ መጥተህ ነበር። አምስቱንም አየሃቸው። በምግብና በመጠጥ ሰው ያጠመደ አንድ ሰው ብቻ አገኘን፤ እሱም ወንድ ነው። ያንተም ዱቄት የሱ እራት ወንድም ናት፤ የባሰችም ናት። ማክዳ ውሃ መሆኑን አውቃ ነው የጠጣችው።»

ልጁ አንገቱን አቀረቀረ፤ ግን ገና አልተሸነፈም። «ሰውየው ጉዳት የለውም ብሎኛል» አለ።

በዚህን ጊዜ፥ ስንነጋገር አንዲት ቃል ያልተነፈሱት እማማ ተነሡ። አቦሉን ቀድተው አንዱን ስኒ ከልጁ ፊት አኖሩ፤ ወረቀቷን ፈታ አደረጓትና ከስኒው አጠገብ አስቀመጧት። ግራጫ ዱቄት ነው፤ ምን እንደ ሆነ እግዚአብሔር ይወቅ።

«በል ልጄ» አሉት። «ጉዳት ከሌለው አንተ ቅመሰው።»

አንባቢ ሆይ፤ ልጁ ስኒውን አየ፤ ዱቄቱን አየ፤ እኔን አየ። ቡናው እስኪበርድ ድረስ ማናችንም አልተናገርንም። በመጨረሻ እማማ ወረቀቷን ከነዱቄቷ አንሥተው ከሰሉ ውስጥ ጣሏት። የተነሣው ሽታ ቤቱን ሁሉ ስላወከው ዝናብ ቢሆንም መስኮት ከፈትን፤ እሳቸውም ዕጣን ጨመሩበት። «ይህንን ነው የሰው ልጅ ሆድ ውስጥ የምትጨምረው?» አሉት፤ ከዚያ በላይ አልተናገሩትም። የበረደውን ደፍተው ትኩስ ቀዱለት።

ከዚያ በኋላ ነው በደንብ የተነጋገርነው። ስለ ልጅቱ ጥቂት ጥያቄ ጠየቅሁት። ስልኳን የማታነሣው በየትኛው ሰዓት ነው? ማታ ማታ፤ ከመስከረም ወዲህ። አንተ ከመስከረም እስከ ኅዳር በቡና ማጠቢያ ውስጥ ማታ ምን እንደሚሠራ ታውቃለህ? አያውቅም። ቀዩ ፍሬ በተለቀመ በዕለቱ ካልተፈለፈለ ይፈላል፤ ጣዕሙም ይበላሻል። ስለዚህ ገበሬው እስኪመሽ ያመጣል፤ እስከ ሌሊት ይመዘናል፤ እያንዳንዱ ኪሎ ይጻፋል፤ ገንዘቡ ይከፈላል፤ አንድ ቁጥር ቢሳሳት ከሒሳብ ያዥዋ ደመወዝ ይቈረጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ በቡና አገር ተቀምጦ፥ የሚወዳት ልጅ ስልክ የማታነሣው ለምን እንደ ሆነ አልጠየቀም። ንቀት መስሎት ነበር።

ቤተ ሰቦቿስ? አንድ ጊዜ እናቷን ገበያ ላይ አይቷቸዋል፤ «ደኅና ነዎት» ብሏቸው ዝም አሉት። በምን ቋንቋ አልሃቸው? በአማርኛ። ይሰማሉ? አያውቅም።

ክሊዮፓትራን ያስታወሰው በራሱ ነው፤ እኔ አላስታወስሁትም። «ሦስት መቶ ዓመት» አለ በለሆሳስ፤ ሣቀም።

ያለፈው ቅዳሜ ተመልሶ መጣ። መጋቢዎቹ ንግሥታት ምን እንደ ሠሩለት ልንገርህ፤ ብዙ አይደለም። አንድ የመሥሪያ ቤታቸው ዘበኛ በየጧቱ ቤንችኛ እያስተማረው ነው። ይህ ቋንቋ ለኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ቀላል አይደለም፤ የድምፅ ከፍታና ዝቅታ የቃሉን ትርጉም ይለውጠዋል፤ የቋንቋ ሊቃውንት አምስት የተለያዩ የድምፅ ደረጃዎች ቈጥረውበታል። ድምፅዋን እንደ ባለ ብዙ አውታር መሣሪያ ታዞር የነበረችው ንግሥት እዚህ ብትመጣ ደስ ይላት ነበር።

ልጁ የእሸቱ ሥራ ቀዝቀዝ ባለበት አንድ እሑድ ልጅቱን መንገድ ላይ አገኛት። እናቷም አብረው ነበሩ። ሳምንት ሙሉ ያጠናውን ሰላምታ በልበ ሙሉነት አሰማቸው። እናትየው ክው አሉ። ልጅቱ በመጀመሪያ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ከዚያ መሸፈኑም አላዋጣት አለና መንገድ ዳር ተቀምጣ እስክታለቅስ ሣቀች። ድምፁን ዝቅ ማድረግ ሲገባው ከፍ አድርጎት ኖሯል፤ ሰላምታውም ሌላ ነገር ሆነ። ልጅቱ እንባዋን ጠርጋ ቃሉን ሦስት ጊዜ አስደገመችው። እናትየው ደግሞ፥ ይህ የሰው ልጅ ነው ይመስለኛል፥ ቤት ይምጣና ጨሞ ይጠጣ፥ አሉ አሉት፤ ጨሞ ከቡና ቅጠልና ከቅመም የሚፈላው የአገሩ መጠጥ ነው።

«ታዲያ ሰላምታው ምን ሆኖ ነው የወጣው?» ብዬ ጠየቅሁት።

ሊነግረኝ ፈቃደኛ አልሆነም።